ከራስ ምታት ጀርባ ያለ ድባቴ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ድባቴ ያወጣችሁት ጽሑፍ አንድ ነገር ቀርቶታል። ታማሚው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ብዙ ጊዜ «ከፍቶኛል» ብሎ አይጀምርም፤ «ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ነው የሚለው። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ዋናው ሕመም ሳይነካ ይቀራል።

ሌላው ችግር ሕክምናን ቶሎ ማቋረጥ ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ሳምንታት ቆይቶ በመሆኑ ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። የንግግር ሕክምናም በአንድ ቀጠሮ አያልቅም። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ማቆም የለበትም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ምክንያቱ ባልታወቀ ሕመም የሚመላለስን ሁሉ እንዲህ ይጠይቁ፦ ባለፉት 2 ሳምንታት ከፍቶዎት ያውቃል? ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አስጠልቶዎታል? አንዱን እንኳ «አዎ» ካለ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም።