ስለ ዋተርሉ ሳንቲም፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በዛሬዋ ቤልጂየም ውስጥ የተካሄደው የዋተርሉ ጦርነት መታሰቢያ የሆነችውን ባለ 2.50 ዩሮ የቤልጂየም ሳንቲም ስንልክላችሁ አብራ የምትመጣ ትንሽ ካርድ አለች። ካርዷ ላይ «እንግሊዞች ናፖሊዮንን ድል ያደረጉበት ጦርነት» ብለን ጽፈን ነበር። አንድ ደንበኛችን ደውለው «ፕረሺያዎቹስ የት ሄዱ?» አሉን። ፕረሺያ የያኔ የጀርመን መንግሥት ናት፤ ጦሯም ከእንግሊዞቹ ጎን ሆኖ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮንን ወግቷል። እውነታቸውን ነው። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1815 በእንግሊዙ የጦር አዛዥ በዌሊንግተን ስር ከተሰለፈው ጦር እንግሊዞቹ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ሆላንዶች፣ ቤልጂየማውያንና ጀርመኖች ነበሩበት። ከሰዓት በኋላ በአዛዣቸው በብሉኸር የተመሩት ፕረሺያዎች ባይደርሱ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይሄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቤልጂየማውያኑማ በሁለቱም ወገን ተዋግተዋል። ቤልጂየም ራሷ እንደ አገር የቆመችው ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

«2 ዩሮ ተኩል ደግሞ ምን የሚሉት ገንዘብ ነው?» ለምትሉንም መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤልጂየም ለጦርነቱ 200ኛ ዓመት የ2 ዩሮ ሳንቲም ልታወጣ ነበር። የ2 ዩሮ ሳንቲም በዩሮ አገሮች ሁሉ ስለሚሠራ ሌሎቹ መቃወም ይችላሉ። ፈረንሳይ ሕዝቤን ያስቆጣል ብላ ተቃወመች። እውነቱን ለመናገር ቅሬታዋ ይገባናል፤ በዚያ አንድ ቀን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል። ቤልጂየም 180,000 ያህል ሳንቲም ቀርጻ ጨርሳ ነበር። እሱን አስወግዳ ሌላ መላ ፈለገች። ያልተለመደ ዋጋ ያለው ሳንቲም አገር ውስጥ ብቻ እስከሠራ ድረስ ማንም አይከለክለውም። እናም 70,000 ባለ 2.50 ዩሮ ሳንቲሞች ወጡ፤ አንዱ በ6 ዩሮ ተሸጠ። ብራሰልስ ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብ ናት፣ ፓሪስ ውስጥ ግን አይደለችም። ባለ 2 ዩሮዋ እኛ ጋ የለችም። አለኝ የሚላችሁ ከመጣ ሳታጣሩ አትክፈሉ።

ሳንቲሟን ብርሃን ላይ ያዝ አድርጋችሁ እዩዋት። በጦር ሜዳው ላይ ያለው ጉብታ፣ አናቱ ላይ የአንበሳው ሐውልት፣ ጦሮቹ የቆሙበትን የሚያሳዩ መስመሮች ይታያሉ። ጉብታውን ያሠራው የኔዘርላንድስ ንጉሥ ነው፤ ልጁ ትከሻው ላይ በጥይት የተመታበት ቦታ እንዲታወስ ብሎ። አንበሳው ከፈረንሳይ መድፎች ቀልጦ ተሠራ የሚባለው ወሬ ነው። ሊየዥ ውስጥ ከብረት የተሠራ ነው። ያንን ወሬም ካርዳችን ላይ አስገብተነው ነበር።

አዲሱ ካርድ ታትሟል። የቀድሞው ለደረሳችሁ ሁሉ በነፃ እንልካለን። ካርዱን አምናችሁ ሳንቲሟን የገዛችሁና መመለስ የምትፈልጉ ካላችሁም ንገሩን፤ ገንዘባችሁን ሙሉውን እንመልሳለን። ለደወሉልን ደንበኛችን ከልብ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች