ቀብድ የከፈላችሁባቸው ጊደሮች ለምን ዘገዩ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጊደሮቻችሁ በቀጠሯቸው ስላልደረሱላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀብድ ከፍሎ መጠበቅ እንደሚያናድድ እናውቃለን። «ዋጋ ሲጨምር ለሌላ ሊሸጡብን ነው» የሚለው ወሬ ግን ጆሮዬ ደርሷል፤ እውነቱን ልናገርና በጣም ከፍቶኛል። አንዲትም ጊደር ለሌላ ሰው አልተሸጠችም። ሁሉም እዚሁ አዘዞ በረታችን ውስጥ ናቸው።

ያዘገየናቸው ለከብት ቲቢ ስላስመረመርናቸው ነው። ሐኪሙ አንገታቸው ላይ ሁለት ቦታ ጸጉሩን ላጭቶ የቆዳውን ውፍረት ይለካል። ከዚያ መርፌ ይወጋና ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይለካል። ከሁሉም ያማረችው፣ ጸጉሯ የሚያብረቀርቀው ጊደር አንገቷ ላይ እንደ ባቄላ አብጦ አገኘነው፤ ይህም በሽታው እንዳለባት ምልክት ነው። አትስልም። የሰጧትን መኖ ጠርጋ ነው የምትበላው። ያዘዛት ደንበኛችን በየቀኑ «መቼ ነው የምትልኩልኝ?» እያለ ይደውል ነበር። ልኬለት ቀሪ ገንዘቤን መቀበል እችል ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። እሱ በረት ገብታ ግን በትንፋሿ ለሌሎቹ ታስተላልፍ ነበር፣ ስትወልድ ደግሞ ጥሬ ወተቷን ለሚጠጡ ልጆቹም ጭምር። ይህ በሽታ ወደ አዲስ በረት ከሚገባባቸው ዋና መንገዶች አንዱ እንዲህ ያለ ግዢ ነው።

ብዙዎቻችሁ ደግሞ «ንጹሕ የፈረንጅ ላም አዝዘን ለምን የሐበሻውን የፎገራ ላም ዲቃላ ታቀርቡልናላችሁ?» ብላችኋል። ምክንያቱ ዘር ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከ5,000 በላይ በግጦሽ ላይ ያሉ ከብቶች ተመርምረው ውጤቱ በፈረንጆቹ 2007 ታትሟል። ቲቢ የተገኘው ሆልስታይን ከሚባሉት የፈረንጅ ከብቶች በ22.2 በመቶ፣ ከሐበሻ ከብቶች በ11.6 በመቶ፣ ከዲቃላዎቹ በ11.9 በመቶ ላይ ነው። ሆልስታይኖቹ ላይ ጉዳቱም የከፋ ነበር። በሽታን የመቋቋም አቅም በከፊል ከእናትና ከአባት ይወረሳል። አንድ ዘረመል ብቻውን አይወስነውም፤ ብዙዎቹ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ነው። እንግሊዞች ከ2016 ጀምሮ ኮርማ ሲመርጡ የልጆቹን ቲቢ የመቋቋም ደረጃ የሚያሳይ ነጥብ ያያሉ። እኛ እንዲህ ያለ ነጥብ የለንም። በእጃችን ያለው የፎገራ ደም ነው።

ዲቃላ ቲቢ አይዛትም እያልኩ አይደለም። አየር በማያስገባ፣ በተጨናነቀ በረት ውስጥ ማንኛዋም ትያዛለች። ወተቷም ከንጹሕ ሆልስታይን ያንሳል፤ ይህንን አልደብቃችሁም። ግን ብዙዎቻችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት ላም ነው ያላችሁ። አንዷ ብትታመም ምን እንደሚተርፋችሁ አስቡት።

የዋጋው ጭማሪም አስቆጥቷችኋል። ፋጉሎውም ፉርሽካውም የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። የምርመራውን ወጪ ግማሹን እኛ ችለናል። የተገኘባቸውን ለይተን አስረናል፤ ገበያም አናወጣቸውም። ካሳ የሚከፍለን የለም።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ከአባቴ በቀሩ የፎገራ ላሞች ነው። እናቴ ወተቱን በየቤቱ እያደረሰች ነው ያሳደገችን። አሁን ከምትገዙን መካከል የእሷን ወተት ጠጥታችሁ ያደጋችሁ አላችሁ። መንገድ ተዘግቶ መኖ በጠፋ ጊዜም ቀብዳችሁን ሳትጠይቁ የጠበቃችሁን አልረሳናችሁም። በዚህ ስም የታመመች ጊደር እንድሸጥላችሁ አትጠብቁኝ።

ነጻ የሆኑትን ጊደሮች ከምርመራ ወረቀታቸው ጋር ማስረከብ ጀምረናል። ዲቃላ የማይፈልግ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ቅር አንሰኝም። ብቻ ከመወሰናችሁ በፊት አንዴ በረቱ ድረስ ብቅ በሉና ጊደሮቹን እዩአቸው። ሐኪሙ ባለበት ቀን ከመጣችሁ ደግሞ የምትፈልጉትን ሁሉ ራሱ ያስረዳችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእርባታው ባለቤት
አዘዞ፣ ጎንደር