ልጄ፣ ለአጎትህ ይህን ንገርልኝ

ልጄ፣

ስልክህን ያላነሳሁት ቢሮ ሰው ስለነበረ ነው። ደግሞ ምን ልትለኝ እንደደወልክ ገብቶኛል። አጎትህ "እናትህን አንድ በላት" ብሎሃል፣ አይደል? ተናድጄ በስልክ ከምመልስልህ ብጽፍልህ ይሻላል።

እኔ በምመረምረው የግድያ መዝገብ ተጠርጣሪው የአጎትህ ሚስት የወንድሟ ልጅ ነው። ደሴን ታውቃታለህ፤ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ብትሄድ ግማሹ ዘመድህ፣ ግማሹ የዘመድህ አማች ነው። መዝገቡ እጄ የገባ ዕለት ዝምድና ስላለ ለሌላ መርማሪ ይሰጥልኝ ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። "ማን አለና? አንቺው ያዢው" ተባልኩ። ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የአጎትህ ሚስትማ በረካው ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች። እንባዋ የውሸት አይደለም፣ ልጁን ያሳደገችው እሷ ናት።

ቢሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ከዚያ ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ሲወራ ብዙ ይመስላል። የአስከሬን ምርመራ ውጤት ስትጠብቅ፣ ከቴሌ የጥሪ ዝርዝር ስታስመጣ፣ ቃሌን እሰጣለሁ ያለው ሰውዬ ለሥራ ኮምቦልቻ ወርዶ ስትፈልገው ቀኑ እልቅ ይላል። አለቃዬ ጠዋት ጠዋት "ምን ደረሰ?" ይለኛል። የሟች ሚስት አንድ ቀን በር ላይ እጄን ይዛ "የእናንተው ሰው ነው አሉ" አለችኝ። ምን ልበላት?

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ችሎት ላይ የተነገረ ስለሆነ ምስጢር አላወጣሁም። አንዱ ምስክር ልጁን ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በመንገድ መብራት አየሁት ብሏል። የጃኬቱን ቀለም ሳይቀር ነግሮኛል። በዚያው ሰዓት ቦታው ድረስ ሄድኩ። ዳገት ነው፣ ብርዱም የደሴ ብርድ ነው። አብሮኝ የመጣውን ሳጅን ምስክሩ ቆሜ ነበር ባለበት አቁሜ እኔ ምሰሶው ሥር ቆምኩ። "ምን ለብሻለሁ?" አልኩት። "ኧረ አንቺን ራስሽን የማውቅሽ በድምፅሽ ነው" አለኝ። ለካ አምፖሉ ተቃጥሏል። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ ከመስቀል በፊት ጀምሮ አይበራም አሉኝ። ሰውዬው የተገደለው ደግሞ በኅዳር ነው።

ይሄ ልጁን ንጹሕ አያደርገውም። ሌላም ማስረጃ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ ይመዝነው። ግን በሕጋችን ተራ ግድያ እንኳ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፣ ከባዱ ከሆነማ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። በጨለማ "አየሁት" በሚል ቃል ሰው እዚያ ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ያየሁትን ጻፍኩ፣ የቦታውን ንድፍም አስነስቼ ከመዝገቡ ጋር አያያዝኩ።

ችግሩ ይታይሃል? ያገኘሁት ነገር እውነት ነው፤ ግን ለዘመድ የሚጠቅም እውነት ነው። አጎትህ በደወለ ቁጥር፣ ሚስቱ በመጣች ቁጥር የሟች ወገን "ይኸው፣ ለምነዋት ነው" ይላል። ዝም ቢሉ ኖሮ አምፖሉ ይበቃቸው ነበር። ልጁን እየጎዱት ያሉት እነሱ ናቸው።

ዕርቅ እጠላለሁ ብለህ እንዳታስብ። አስታራቂዎቹ የወሎ አባገሮች ስንት ደም አድርቀዋል፤ ፖሊስ የማያስቆመውን በቀል እነሱ ያስቆማሉ። ግን ነፍስ የጠፋበት ክስ ቤተሰብ ስለታረቀ አይቋረጥም። ደግሞስ ማን እንደገደለ ሳይታወቅ ማን ማንን ይካሳል? አሁን ለሟች ቤት ሽማግሌ መላክ "አዎ፣ የኛ ልጅ ነው" ማለት ነው። ይሄን ለአጎትህ ነግሬው ዝም ብሎኝ ሄደ፣ ከዚያ ወደ አንተ ደወለ።

እና እንዲህ በለው፦ እስከ ውሳኔው ድረስ ለእኔም ለአንተም አይደውል። ጠበቃ ካስፈለገ ጠበቃ ይያዝ፣ ለልጁ ምግብና ልብስ ያመላልስ፣ ማንም አይከለክለውም። ደግሞ የቤት ኪራይህን አልፎ አልፎ እንደሚደጉምህ አውቃለሁ፣ ተባረክ ብዬዋለሁም። ይሄ መዝገብ እስኪያልቅ ግን መቶ ብርም ብትሆን እንዳትቀበለው። የዚህን ወር ሰኞ አስገባልሃለሁ።

እናትህ