ለቀጣዩ ውይይታችን

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ስለ ንቃተ ህሊና ስንወያይ ከአንድ ታሪክ እንጀምር። በ2006 እ.ኤ.አ. የአንጎል ተመራማሪው ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ በመኪና አደጋ የተጎዳች የ23 ዓመት ሴት መረመሩ። ዓይኗ ይገለጣል፤ ለማንም ግን ምላሽ አትሰጥም። የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳይ ኤምአርአይ የተባለ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው «ቴኒስ ስትጫወቺ በሐሳብሽ ሳዪ» አሏት። እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎሏ ክፍል ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ሠራ። «ቤትሽ ውስጥ ተዘዋወሪ» ሲሏት ደግሞ ሌሎች ክፍሎች ነቁ። ትሰማ ነበር ማለት ነው! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ስንት ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ተኝቶ ይሆን?

ቻትጂፒቲ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በተቃራኒው አሳምሮ ያወራል። ማውራቱ ብቻ ግን በውስጡ የሚሰማው ስሜት እንዳለ አያረጋግጥም። ታዲያ ንቃተ ህሊና ያለውን ከሌለው በምን እንለያለን? ፈላስፎቹም ገና አልተስማሙም።

እስቲ አስባችሁበት ኑ። ሐኪም የሆናችሁ በተለይ እንዳትቀሩ።