ልጄ፣ የሐሰት ወረቀት እንዳታስገቡ

የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሚስትህ ግን አንተ ወደምትማርበት ካናዳ ልትመጣ የጠየቀችው የሥራ ፈቃድ ከተከለከለ ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች። ትናንት ደግሞ እህትህ አንድ ነገር ነገረችኝ። ደላላ አግኝታችኋል አሉ። ለጊዜው ሚስትህ ባንክ ደብተር ውስጥ ብር አስገብቶ፣ ገንዘብ እንዳላት የሚያሳይ የባንክ ወረቀት (ስቴትመንት) ሊያወጣላችሁ ነው አሉ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ተዉት። የሐሰት ወረቀት እንዳታስገቡ!

የአጎትህን ነገር ታውቃለህ። ዲቪ ሲሞላ «ላጤ ነኝ በል፣ ይቀልልሃል» ያለው ደላላ ነበር። አጎትህ አሜሪካ ገባ። በኋላ ሚስቴን ላምጣ ሲል የፈረመው ወረቀት አፍጥጦ ጠበቀው። በሰርጋቸው እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሚስቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትሮጥ አያት ነበር። እየቆየ መሮጡንም ተወችው። ሳትወልድ ዕድሜዋ አለፈ። ያንተንም ሚስት እንደዚያ ሆና ማየት አልችልም።

ማመልከቻችሁን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው፣ ወረቀት ማየት አውቃለሁ። የተጋባችሁት ጥር 14 ቀን 2015 ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 22፣ 2023 መሆኑ ነው። ተርጓሚው ግን 2015ን እንዳለ አስቀምጦታል። ፎርሙ ደግሞ 2023 ይላል። በእነሱ 2015 አንተ ገና ደብተር ይዘህ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ልጅ ነበርክ! ይህን ያየ የኢሚግሬሽን መኮንን ትዳራችሁን ቢጠራጠር ይፈረድበታል? ያያያዛችሁትም የሰርግ ፎቶ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ውላችሁስ? ብር የላክህበት ደረሰኝስ?

የተከለከለችበት ደብዳቤ «ጊዜዋ ሲያልቅ ከካናዳ ትወጣለች ብዬ አላመንኩም» ይላል። እንዴት ይመን? የመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ የለበትም። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የማስተርስ ተማሪ ከሆንክ፣ ሚስትህ የሥራ ፈቃድ እንድታገኝ ትምህርትህ 16 ወርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት ያልከኝ አንተው ነህ። ያንተ ሁለት ዓመት ነው። ታዲያ ሙሉ ጊዜ እየተማርክ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤና ውጤትህን ለምን አላስገባህም? እናንተ እውነተኛው ወረቀት በእጃችሁ እያለ ሐሰተኛ ልትገዙ ነው።

ደግሜ እልሃለሁ፣ የሐሰት ወረቀት እንዳታስገቡ። ከተነቃባችሁ ሚስትህ አምስት ዓመት ካናዳን አታያትም። ብሩ ቢያንስም ያላችሁን ያህል አሳዩ፣ ከየት እንደመጣም ጻፉ።

አሁን የምትሠራውን ስማ። መኮንኑ ለምን እንደከለከላት የጻፈው ማስታወሻ ካልደረሳችሁ እዚያው ሆነህ አስወጣ፣ ክፍያው 5 ዶላር ነው። እሷ በስሟ እንድትጠይቅ የምትፈቅድበትን ፎርም ትፈርምልሃለች። ትርጉሙን ሰኞ እኔ አሠራለሁ። አሻራዋ 10 ዓመት ስለሚያገለግል ለእሱ ድጋሚ አትክፈሉ። አዲሱ ፎርም ከዚህ በፊት ተከልክለሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲል «አዎ» በሉ፣ እንዳትደብቁ። የደላላውንም ቁጥር ከስልክህ አጥፋ።

ማታ ደውልላት። እኔን ቆይተህ ታገኘኛለህ።

እናትህ