«ጨው ቀንሱ» ስትሉን ሽሮውን አትርሱ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጤና ዓምዳችሁ ደም ግፊትን ባነሳ ቁጥር «ጨው ቀንሱ» ይለናል። ምክሩ ልክ ነው፤ ለእኛ ጓዳ የተጻፈ ግን አይመስለኝም። ገበታ ላይ ጨው እየነሰነሰ የሚበላ ሰው በሰፈራችን እምብዛም አላየሁም። እንጀራችንም ጨው የለውም። ጨዋችን ያለው ወጡ ውስጥ ነው፤ የሚገባውም ድስቱ ሳይጣድ፣ ገና በርበሬው ሲደለዝና ሽሮው ሲሰናዳ ነው።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በርበሬ አስጥቶ ማስፈጨት ቀላል አይደለም። በረንዳው አይበቃም፣ ጎረቤትም በማስነጠስ ያልቃል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከባልትና እንገዛለን። እናቴ ግፊት ስላለባት ሻጯን «ሽሮው ጨው አለው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«በልኩ አለው እህቴ። ስትሠሪ ግን ትንሽ ጣል አድርጊበት፣ አለዚያ አይጥምም።»

«ልኩ ስንት ነው?» ስላት ሳቀችብኝ። ፌስታሉን አገላብጬ ባየው ስልክ ቁጥርና «ልዩ የጾም ሽሮ» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይብላ ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ሽሮ ውስጥ 60 ግራም ጨው አለ እንበል። በአንድ ገበታ 40 ግራም ሽሮ የሚደርሰው ሰው 2.4 ግራም ጨው በላ ማለት ነው፤ የቀኑን ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። እያማሰልን ቀምሰን የምንጨምረው ገና አልተቆጠረም። በጾም ወራት ደግሞ ምሳውም እራቱም ሽሮ ነው። 60 ያልኩት ለስሌት ያህል ነው፤ እውነተኛውን ቁጥር የሚያውቀው ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው፣ የኔም ቅሬታ እሱ ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ በሥሮቻችን የሚዞረው ደም ይጨምራል፣ ግፊቱም ይወጣል። የደም ሥሩ ግድግዳ ያንን ግፊት ለዓመታት ሲሸከም ይወፍራል፣ ይደነድናል፣ እንደ ቀድሞው መለጠጥ ያቅተዋል። ሕመም ስለሌለው አብዛኛው ሰው የሚነቃው ተለክቶ «140 በ90» ሲባል ነው። ስትሮክ እስኪጥለው የማያውቅም አለ።

አዮዲን ያለውን ጨው ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እንቅርትን ይከላከላል፣ መቀነስ ያለበት መጠኑ ነው። ፖታሲየም የተቀላቀለበትን ምትክ ጨው ስትመክሩም ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይነካው አብራችሁ ጻፉልን።

ባልትና ቤቶች ከስልክ ቁጥራቸው ጎን የጨውን መጠን በግራም ቢያሰፍሩ ምን ይከብዳቸዋል? ጨው ያልገባበት ሽሮም ለብቻው ቢሸጡልን እኔ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነኝ። እናንተም በሚቀጥለው ዕትማችሁ ከሐኪሙ ሌላ የባልትና አዘጋጆችን ጠይቁልን፤ ኪሎው ላይ ስንት ግራም ነው የሚጨምሩት?

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ