ልጅዎ «ጌም መሥራት ልማር» ካለ የኮርስ ዝርዝሩን ያንብቡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት ልጃቸው ኮሌጅ ገብቶ የቪዲዮ ጌም ፕሮግራሚንግ ልማር ስላላቸው አዝነው የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። ለጨዋታ ብዬ ነው ወይ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ይላሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔም ልጆች አሉኝ። የምኖረው ሲያትል አጠገብ ሬንተን ነው። አገር ቤት እያለሁ ደሴ ሒሳብ አስተምር ነበር። አሁን ሥራዬ ሌላ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የሐበሻ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ካስጠናኋቸው ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዛሬ እኚህ አባት የፈሩትን ትምህርት ይማራሉ። የማየውን ልጻፍላቸው ብዬ ነው።

እዚሁ አቅራቢያችን ሬድመንድ ከተማ ዲጂፔን የሚባል ኮሌጅ አለ። በፈረንጆቹ 1988 ቫንኩቨር ካናዳ ውስጥ ተቋቁሞ፣ በ1998 ሬድመንድ ላይ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። ጌም ፕሮግራሚንግን በባችለር ዲግሪ በማስተማር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የዋናው ፕሮግራሙ ዲግሪ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ነው። ተማሪው ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፊዚክስ ይወስዳል። ኮዱን ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይጽፋል። በየዓመቱም ከጓደኞቹ ጋር በቡድን ሆኖ አንድ ጌም ከባዶ ተነስቶ ይሠራል። ሒሳብ የሚጠላ ልጅ እዚያ አይከርምም።

ወንዱ ልጅ አንድ ቅዳሜ የቤት ሥራውን ይዞ መጣ። ጌሙ ውስጥ አንድ ዘበኛ ቆሟል። ተጫዋቹ በአጠገቡ ሲያልፍ ዘበኛው ያየዋል ወይስ አያየውም? ይህን መወሰን ያለበት ኮምፒውተሩ ነው። «ጋሼ፣ ለኮምፒውተር ማየትን እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳው?» አለኝ። ወረቀት አወጣን። ዘበኛው ፊቱን ያዞረበትን አቅጣጫ አንድ ቬክተር፣ ማለትም አቅጣጫና ርዝመት ያለው ቀስት፣ አደረግነው። ከዘበኛው ተነስቶ ወደ ተጫዋቹ የሚሄደውን ደግሞ ሌላ ቬክተር። የሁለቱንም ርዝመት 1 አድርገን ዶት ፕሮዳክታቸውን፣ ማለትም ተጓዳኝ ቁጥሮቻቸው ተባዝተው ሲደመሩ የሚሰጡትን፣ አሰላን። የሚገኘው ቁጥር በመካከላቸው ያለው አንግል ኮሳይን ነው። ዘበኛው በቀኝም በግራም እስከ 60 ዲግሪ ያያል እንበል። ኮሳይን 60 ደግሞ 0.5 ነው፤ አንግሉ ባነሰ ቁጥር ኮሳይኑ ይበልጣል። ስለዚህ ውጤቱ ከ0.5 ከበለጠ ተጫዋቹ ታይቷል፤ ካነሰ አልታየም። ልጁ በአንድ መስመር ኮድ ጻፈው፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ዘበኛም ዞር ብሎ ያባርር ጀመር። ደሴ ቬክተር ሳስተምር «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ኋላ ለምን ይጠቅመናል?» የሚሉኝ ተማሪዎች ነበሩ። እነሱን ጠርቼ ይህን ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ።

ይህ ሁሉ ስሌት ደግሞ በጣም ፈጣን መሆን አለበት። ጌሙ በሴኮንድ 60 ምስል ያሳይ ከተባለ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 17 ሚሊሴኮንድ አይሞላም። እንቅስቃሴው፣ ግጭቱ፣ ብርሃኑ፣ ድምፁ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ማለቅ አለበት። ይህን የቻለ ልጅ የጌም ካምፓኒ ባይቀጥረው እንኳ የበረራ ማስመሰያ የሚሠሩትም፣ ሮቦት የሚሠሩትም ይፈልጉታል።

ልጅቷ የምትማረው አኒሜሽን ነው። እሷ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የገባችው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እርሳስና ከሰል ላይ ነው። ሰው ፊቷ ይቆማል፣ ትሥላለች። አጥንቱንና ጡንቻውን በስም እየለየች ትሥላለች። ከዚያ ሸክም የሚያነሳ ሰው አንቀሳቅሺ ተባለች። እናቷን ባዶ ሻንጣ፣ ቀጥሎ ለአገር ቤት መንገድ ጢም ብሎ የተሞላ ሻንጣ አስነስታ በስልኳ ቀረጸች። ቪዲዮውን እያቆመች አሳየችኝ። ባዶው ሲነሳ ቀድሞ የሚሄደው እጅ ነው። ሙሉው ሲነሳ ግን እጅ ገና ሳይንቀሳቀስ ወገብ ዝቅ ይላል፣ እግር ይከፈታል፣ ትከሻ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። ሻንጣው ከመሬት የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለተመልካቹ «ይሄ ከባድ ነው» የሚለው ያ ዝግጅት ነው። ለጥቂት ሴኮንድ ምስል ስንት ሌሊት እንዳመሸች እናቷ ታውቃለች። ይህን ቀልድ ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው ሲሠራ አላየም ማለት ነው።

ከተማሪ ሥራ ትልቅ ነገር የወጣበት ጊዜም አለ። በ2005 የዲጂፔን ተማሪዎች ለመመረቂያ የሠሩትን ጌም ቤልቪው ያለው ቫልቭ የተባለ የጌም ካምፓኒ አይቶ ቡድኑን ቀጠረው። ፖርታል የሚባለው ዝነኛ ጌም በ2007 የወጣው ከዚያ ሐሳብ ነው። ግን እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉም አይደርስም፤ ይህን ተስፋ አድርጎ ብድር መፈረም አይገባም።

ከአባትየው ጋር የምስማማው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ያስፈራል። እንዲህ ያለ የግል ኮሌጅ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪ የዚያን ግማሽ እንኳ አይጠይቅም። ጌም አርትና አኒሜሽን ያስተምር የነበረው የሲያትል አርት ኢንስቲትዩት በመጋቢት 2019 ተርሙ ሳያልቅ ተዘጋ። የቀሩት እህት ትምህርት ቤቶቹም በ2023 በራቸውን ዘጉ። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ለተጎዱ 317 ሺህ ያህል ተማሪዎች ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብድር ሰረዘ። ብድሩ ተሰረዘላቸው፤ የባከነ ዕድሜያቸውን ግን ማን ይመልስላቸዋል? ሥራውም ቢሆን ይዋዥቃል። በጥር 2024 ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው ቀነሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ቤልቪው ያለው ቡንጂ የተባለ የጌም ካምፓኒ 220 ሰው አሰናበተ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ልጅዎን አይሆንም ከማለትዎ በፊት የኮርስ ዝርዝሩን ያስመጡ። ሒሳቡና ኮምፒውተር ሳይንሱ ስንት ነው? ልጁ በሁለተኛው ዓመት ሐሳቡን ቢቀይር ክሬዲቱን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል ወይ? ይህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያስመልሱ። ከተመረቁት ስንቱ በተማሩበት ሙያ ሥራ እንደያዙም ይጠይቁ። መልሱን የሚያድበሰብስ ትምህርት ቤት ከሆነ ጥለውት ይውጡ። የእኔን ምክር ከጠየቁኝ፣ ፕሮግራመር መሆን ለሚፈልግና አቅም ላጠረው ልጅ መደበኛው ኮምፒውተር ሳይንስ ይሻላል፤ ጌሙን ከጎን እየሠራ ይማር። አኒሜሽን የምትማር ልጅ ከሆነች ደግሞ ቀጣሪው አስቀድሞ የሚያየው የሠራችውን ነው፤ ዲግሪው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራዋን ቁጭ ብሎ የሚያርምላት ጥሩ መምህር ያለበትን ቦታ ትፈልግ።

እስከዚያው ክረምቱ አለ። ጌም የሚሠራበት ጎዶም፣ አኒሜሽን የሚሠራበት ብሌንደርም በነፃ የሚወርዱ ፕሮግራሞች ናቸው። ልጅዎ በእነሱ አንዲት ትንሽ ጌም ጀምሮ ይጨርስ። መጀመር ቀላል ነው፤ ስህተቱን እያደነ ካልጨረሰ ግን ፍላጎቱ የመጫወት ነው ማለት ነው። ከጨረሰ፣ ልጅዎ የሚለውን ያውቃል።

ሬንተን አካባቢ ከሆኑ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ክፍት ነው። ልጅዎን ይዘው ይምጡ። የኮርስ ዝርዝሩንና የክፍያውን ወረቀት አይርሱ፤ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የሒሳብ መምህር
ሬንተን፣ ዋሽንግተን